ጥያቄው የእሱ፣ መልሱ የእኔ

ባለቤቴ ዕድሜውን የጨረሰው አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ነው። ለሰው መውረጃውን ሲነግር ኖረ እንጂ ራሱ መንገድ ሲጠይቅ አይቼው አላውቅም። ፈረንሳይኛ የሚነገርበት አገር ያለችው ልጃችን «ኑልኝ፣ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው አሉኝ» ብላ ስትደውል ግን ጉድ ፈላ። ባሏ የመርከብ ሠራተኛ ነው፤ በዚያ ሰሞን ባሕር ላይ ነው። ከእኛ በቀር አጠገቧ የሚቆም ሰው የላትም።

ለአውቶቡስና ለባቡር የሚያስፈልገንን ፈረንሳይኛ በስልክ አስጠናችን። ባለቤቴ ሥራ ማከፋፈል ነፍሱ ነው፤ ጥያቄውን ለራሱ ወስዶ መልሱን ለእኔ ሰጠኝ። እሱ ጓዳ ለጓዳ እየዞረ «ኡ ኤ ሎፒታል?» ይላል፣ ሆስፒታሉ የት ነው ማለቱ ነው። እኔ ድስት እያማሰልኩ ቀኙን «ድርዋት»፣ ግራውን «ጎሽ» እላለሁ። ግራን ጎሽ ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው? ጎረቤት ሁለቱም አበዱ ሳይል አይቀርም።

እኛ በገባን ማግስት ልጅቷ ሆስፒታል ተኛች። የኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋት፣ ሳትገባ እንድንደርስላት ከቤቷ ተነስተን አውቶቡስ ያዝን። እሱ ሾፌሩን ጠየቀ፣ እኔ መልሱን ለቀምኩ፤ ሦስተኛው ፌርማታ ነው። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

ፌርማታው ሲደርስ እኔ ወረድኩ። እሱን ግን አመሉ ያዘው! በሩ ጥግ ቆሞ ሰው ያሳልፋል። አሮጊቷን ደገፈ፣ የሕፃን ጋሪ የያዘችውን አገዘ፣ ከዚያ ደግሞ የቀረ ሰው እንዳለ ለማየት ወደ ኋላ ዞረ። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ባሌን ይዞት እብስ አለ።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ ያለኝ መልስ ብቻ፣ እሱ ያለው ጥያቄ ብቻ! ከተጠፋፋን ከወረድሽበት ንቅንቅ እንዳትይ ብሎኛል። ብጠብቀው ልጄ ብቻዋን ልትገባ ነው፣ ብሄድ እሱ እዚያ አገር ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ግራ ገባኝ። ሁለቴ ተራመድኩ፣ ሁለቴ ተመለስኩ። በኋላ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው አልኩና አንዲት መንገደኛ አስቁሜ፣ ስሰማው የከረምኩትን ጥያቄ እንደ እሱ ድምፄን አጎርንኜ ጠየቅኋት። እጇን እያወዛወዘች መለሰችልኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ።

ስደርስ አልጋዋን እየገፉ ሊያስገቧት ነው። «እማዬ፣ ፈርቻለሁ» አለችኝ። ይህቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፈራሁ ብላ አታውቅም። ግንባሯን ስሜ ሳልጨርስ ወሰዷት።

ሰውየው ከቀጣዩ ፌርማታ ወርዶ እየጠየቀ፣ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። የምሰድበውን ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ጠፋብኝ። ፈርታ እንደገባች ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፋ።

ብዙ ከቆየን በኋላ ነርሷ ወጣችና ረጅም ነገር ተናገረች። ትኬት የለበት፣ ፌርማታ የለበት፣ ቀኝና ግራ የለበት። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ።

«መልሱ ያንቺ ነው፤ ምን አለች?»

«አልገባኝም» አልኩት።

ነርሷ ተመልሳ ገባችና ሕፃን አምጥታ እቅፉ ላይ አኖረችለት። ሕፃኑን ሳያየው «እናቱስ?» አላት በአማርኛ። ነርሷ መዳፏን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ይሄ ተኝታለች ማለት ነው ወይስ ሞታለች? ማንንም ሳላስፈቅድ ነርሷን አልፌ ገባሁ።

ልጄ ዓይኗን ጨፍና ተጋድማለች። እጇን ያዝኩት። ቆየት ብላ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ጣቶቼን ጨበጠችና «አባዬስ ደረሰ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብዬ ያለቀስኩት።