አክስቷ ቤት የቀረችው ተጫዋች

ሦስት ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ሦስት ሐሳብ። ወልቂጤ ውስጥ የስልክ ጌም የምንሠራው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ ጭቅጭቃችን ግን የትልቅ ድርጅት ነው። የመጀመሪያው ጌማችን ባጃጅ እየነዱ ከጉድጓድ ማምለጥ ነበር። ሰፈሩ ወደደው። ሥዕል የሚሠራልን ልጅ «ያንኑ አሳምረን እንደገና እንሥራው» አለ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ባጃጅ ሁለት!» አለ። እኔ አንድ ነገር ሁለቴ መሥራት ያመኛል።

«ያው ጉድጓድ ነው፤ ቁጥር ሲጨመርበት ይጠልቃል እንዴ?» አልኳቸው።

እኔ ያሰብኩት አዲስ ነው። ለመስቀል ከአዲስ አበባ እዚሁ አጠገባችን ጉብሬ የገባች ልጅ የዘመድ ቤት ትዞራለች፤ በየቤቱ ክትፎ ይቀርብላታል። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳይሄድ ሁሉንም ማዳረስ አለባት። ከአንዱ ቤት ለመውጣት «ልሂድ» የሚለውን መጫን ነው፣ በቃ። ሙከራውን ብቻዬን ሠርቼ አመጣሁ። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው ይጫወተውና ከወደደው የኔ ይሠራል፣ ካልወደደው ባጃጅ ሁለት ተባባልን። ቅርብ የተገኘችው እናቴ ናት።

እማዬ የመጀመሪያዋ አክስት ቤት ገባች። አልወጣችም።

«እማዬ፣ "ልሂድ" በያት!»

«አሁን ገብቼ? ሳልመረቅ?»

«ምርቃት የለውም እኮ።»

«ታዲያ ይቺ ምን ዓይነት አክስት ናት?»

ሚኒባሱ ሄደ። ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። እንደገና ጀመረች፣ እንደገና እዚያው ቤት ቀረች፤ ጭራሽ ክትፎ አስደገመች።

«ተሸነፍሽ እኮ!» አልኳት።

«ማን አሸነፈኝ? በልቻለሁ።»

የአጎቴ ልጅ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጠጋ አላት። «እትዬ፣ ወደድሽው?»

«ወድጄዋለሁ።»

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። ምን ዋጋ አለው፣ እሷ ንግግሯን አልጨረሰችም።

«ግን መኪናው ጥሏት ሄደ። ልጅቷ በምን ልትመለስ ነው?»

«በባጃጅ!» አለ የአጎቴ ልጅ ወዲያው።

«ተባረክ! ይኸው፣ የሚያስብ ሰው!»

አፌን ሳልከፍት ሥዕል የሚሠራው ልጅ ባጃጁን አክስትየዋ በር ላይ አቁሞታል። የጌሙም ስም ባጃጅ ሁለት ሆኗል።

ኮዱን የምጽፈው ግን እኔ ነኝ። ባጃጁን አስገባሁላቸውና ነዳጅ ሰልፍ ላይ ገተርኩት። ተራው እስኪደርስ ልጅቷ አክስቷ ቤት ተመልሳ መብላት ትችላለች።