በርበሬ ነው የተባለው ሳል

ከማንኩሳ ገበያ ነው የወሰዱኝ። በርበሬዬን ዘርግቼ፣ አንዷ ገዢ እፍኝ አንስታ እያሸተተች "ይሄ የአምናው አይደለም?" ብላ ስትከራከረኝ ሁለት ታጣቂዎች መጡና ለአንድ ጥያቄ ትፈለጊያለሽ አሉኝ። የምርጫው ሰሞን ነበር። በቀበሌያችን ጣቢያ ለተቃዋሚዎቹ ታዛቢ ሆኜ ስለተቀመጥኩ ጥያቄው ምን እንደሆነ ገብቶኛል። በርበሬውን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ተነሳሁ። ያ አንድ ጥያቄ አራት ወር ፈጀ።

ያስገቡኝ ፍኖተ ሰላም ዳር ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት የላብ፣ የሽንት ባልዲና የእህል አቧራ ሽታ ያለው ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አሥራ ሦስት ሴቶች ቆጠርኩ። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ እሷም በጆንያና በአሮጌ ጋቢ ተወትፋለች።

ገና እግሬን ሳስገባ ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ሴት ሳል ያዛት። ሳለች፣ ሳለች፣ እንባዋ ወረደ። ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ልጄ፣ በርበሬሽን ይዘሽብን ገባሽ" አሉኝ አንዲት አሮጊት መነኩሴ።

እውነታቸውን ነው፤ ቀሚሴ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። በማግስቱ ለሽንት ሲያወጡን አራግፌ በውሃ አለቀለቅሁት። ሴትዮዋ ግን መሳሏን አልተወችም። በሳምንቱም "ያ በርበሬሽ እኮ ነው" ይሉኛል። በርበሬ ሳምንት ሙሉ አያስልም ብል ማን ይስማኝ።

መነኩሴዋን ሁላችንም እማሆይ እንላቸዋለን። ዲያቆን የሆነው የልጅ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸውን ያዟቸው። የምታስለው ሴት ከቡሬ ገጠር የመጣች ገበሬ ናት፤ እሷንም ያመጧት በባሏ ምትክ ነው። ስማቸውን አልጽፍም።

ስለ ሳሏ ሲጠይቋት ብርድ ነው ትላለች። በርበሬዬ ሲረሳ ብርድ ነው በሚለው ሁሉም ተስማሙ፤ ስለዚህም መስኮቷ መወተፍ አለባት። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር አነባለሁ። ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ይመርመር፣ መስኮት ይከፈት ይላል። ይህንን ለቤቱ ብናገር ጫጫታ ሆነ። አንዷ ወገቤን በብርድ ልታስመቺው ነው ስትል፣ ሌላዋ ጥርሴን አለች።

"እማሆይ፣ የሚጎዳን እኮ ይሄ የታፈነው አየር ነው" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ሰባ ዓመት ከብርድ ተጠብቄ ነው እዚህ የደረስኩት።"

እዚህ ማለት እስር ቤቱ ነው እንዴ ልላቸው ከጅዬ ዋጥኩት። ጋቢውን ነቅዬ ዞር ብዬ እስክቀመጥ ድረስ ተመልሶ ተወትፎ አገኘዋለሁ። ይህንን ስንት ቀን እንዳደረግኩት እኔው ነኝ የማውቀው።

አንድ ጠዋት የምታስለዋ ሴት ውሃው ዳር አጠገቤ ቁጭ ብላ ፊቷን እየታጠበች፣ ቀና ሳትል ነገረችኝ። ሳንባ ነቀርሳ ነው። ቡሬ ጤና ጣቢያ በየቀኑ በእግሯ እየተመላለሰች ሁለት ወር ክኒኑን ውጣለች፤ ሲይዟት ቀረ።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ልጅ አለችኝ፤ ለጋብቻ የደረሰች። የነቀርሳም ልጅ ናት ከተባለ ማን ይወስዳታል? ብርድ ይበሉኝ።"

ከጠባቂዎቹ በቀር ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ፤ ማልኩላት። መድኃኒቱ ከመሃል ከተቋረጠ በሽታው ብሶ እንደሚመለስ ያው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ አንብቤያለሁ። እሷም ታውቃለች፤ ነግረዋታል።

መንከራተቱ ከዚያ ቀን ጀመረ። በረኛውን በሹክሹክታ ብጠይቀው ለኃላፊው ንገሪ አለኝ። ኃላፊው የጤና ረዳቱ ጉዳይ ነው አለ። የጤና ረዳቱ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣና በበሩ ቀዳዳ ለራስ ምታቱም፣ ለሆድ ቁርጠቱም፣ ለእማሆይ ጉልበትም ያቺኑ አንድ ነጭ ክኒን ያድላል። እሱም ካርዷ ያለው ቡሬ ስለሆነ ያለ ካርድ አላስጀምርም አለ። ካርዱን ቤተሰብ ያምጣ እንዳንል በምርመራ ላይ ያለችን ሰው ዘመድ መጥቶ አይጠይቃትም። መርማሪው እንዲፈቅድ ደግሞ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚጽፈው ያው የጤና ረዳቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ካርዱን ሳላይ አልጽፍም ይላል። ቡሬ እኮ ጠዋት በሚኒባስ ሄደው ለምሳ የሚመለሱበት አገር ነው! ሦስት ሐሙስ እንዲሁ አለፈ። እኔ ስነጫነጭ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትስላለች።

ከሦስተኛው ሐሙስ በኋላ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ደም አየሁ። እጥፍ አድርጋ ደበቀችው።

በማግስቱ ጠዋት የፈረቃው አለቃ ሊቆጥረን ገባ። ከመሃላችን ቆሞ በጣቱ እየቆጠረ ያዛጋል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከተቀመጥኩበት ተናገርኩት።

"ወንድሜ፣ አፍህን ገጥመህ ቁጠር። ይቺ ሴት ሳንባ ነቀርሳ አለባት። እስረኛና ጠባቂ አይለይም፤ በየጠዋቱ የሷን ትንፋሽ ነው ይዘህ ልጆችህ ዘንድ የምትገባው።"

ቆጠራውን ሳይጨርስ ወጣ። እኩለ ቀን ሳይሞላ በመኪና ወሰዷት፤ ሦስት ሐሙስ የጠፋው ካርድ ማምሻውን ከነመድኃኒቱ መጣ። ለካ የጎደለው ለራሱ የሚፈራ ሰው ነበር።

እኔ ግን መሐላዬን በልቻለሁ። አሥራ ሁለት ሴቶች ሰምተዋል። ስትመለስ ምንጣፋቸውን ከሷ አሽሽተው ጠበቋት፤ በዚያ እግር በማይዘረጋበት ቤት ዙሪያዋን ሜዳ ሆነ። እሷም ቀና ብላ አላየችኝም።

ሐሙስ የጤና ረዳቱ አፍንጫውን ሸፍኖ በቀዳዳው መስኮቱን ክፈቱ አለ። እማሆይ ወዲያው "ዶክተሩ አዟል፤ ነቅለሽ ጣይው" አሉ። ማንን መሰላችሁ? እኔን!

መድኃኒቱ በየጠዋቱ በጠባቂ ፊት ይዋጣል። በማግስቱ አንድ ወጣት ጠባቂ በነጠላ ጫፍ አፉን ይዞ በሩን ከፈተና "አንቺ ነቀርሳ! ነይ ዋጪ" አላት።

አልተነሳችም። ደግሞ ጠራት። ቁጭ ብላ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ታስተካክላለች።

እኔ ወላፈን ሆንኩ። ይቺ ክኒን እንዴት እንደመጣች እያወቀች! ሄዳ ዋጥ አድርጋ መመለስ ነው እንጂ ምን ትጠብቃለች? ጠጋ ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። በሩን ሊዘጋው ነው፤ ከዘጋው የዛሬው ቀረ።

"ክኒኑን እውጣለሁ" አለችው፣ ድምጿን ሳታነሳ። "ስም ግን አለኝ።"

"ስምሽን እኔ ምን አውቄ?"

"መዝገባችሁ ላይ አለ።"

ሳቁን ለቀቀው፤ ማንም አብሮት አልሳቀም። እማሆይ ዳዊታቸውን አቁመው ያዩታል። በሩን ገርበብ አድርጎ ሄደ። ሲመለስ መዝገቡን ይዟል። በጣቱ ፈልጎ ከነአባቷ ስም ጠራት። "አቤት" ብላ ተነሳች፣ ነጠላዋን አደገደገች፣ ሄዳ ዋጠች። ከዚያ ቀን በኋላ በየጠዋቱ የምትጠራው እንደዚያው ነበር።

እኔ ከሷ በፊት ተፈታሁ። በዓመቱ ቡሬ ገበያ ከሩቅ አየኋት፤ ፊቷ ሞልቶ፣ ከአንዲት ነፍሰ ጡር ልጅ ጋር። ሰላም ልበላት አልበላት ሳመነታ ሕዝቡ መሃል ገባች።

አሁን እኔም ደም ግፊት ይዞኝ በየወሩ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ካርድ የምታድለው ልጅ ደግ ናት፣ "ግፊቶች በዚህ፣ ስኳሮች በዚያ" ብላ ትጣራለች፤ ሰዉም እየተነሳ ይሄድላታል። እኔ ቁጭ እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዋ ከበድ ይላል ብላ ትጮህብኝ ነበር። አሁን ለምዳኛለች፤ ካርዴን ታነሳና ስሜን ታነበዋለች።