ከቄሱ ጣራ ሥር ያለችው ክፍል

ባሌ አስተማሪ ነበር። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲዛወር እኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ክረምቱ አልፎ መኪና እንደ ልብ ማለፍ የጀመረበት ሰሞን ነው። የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያው ላይ ነበር፤ ማብቂያው መሆኑን ግን ያን ጊዜ ማን ያውቃል? እኛ የምናውቀው ደመወዙ ከወሩ ቀድሞ እንደሚያልቅ ብቻ ነው።

የሁለታችንም አገር አሩሲ ነው። ዓባይን ተሻግረን ቢቸና የገባን ጊዜ አዲስ ሙሽሮች ነበርን። እዚያ ከአንድ አስተማሪና ከሚስቱ ጋር አንድ ቤት ለሁለት ተካፍለን፣ በአንድ ምድጃ እየተጋፋን ዓመት ኖርን። ከሴትዮዋ ጋር በጭስ ተጣላን፣ በድስት ተጣላን፣ ታረቅን፤ ብቻ ኖርን። ሞጣም እንደዚሁ ቤት የሚያጋራን ሰው አይጠፋም ብዬ ከጭነት መኪናው ሾፌር አጠገብ ሆዴን አቅፌ ተቀመጥኩ። አልጋችንና የቆርቆሮ ሳጥናችን ከኋላ ይንጓጓሉ። ስቄም ነበር መሰለኝ።

የምንፈልገው ብዙ አልነበረም። የምወልድበት ቤት ነው። በእኛ ወግ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። የእኔ እናት ግን ከመዳሬ በፊት ነው የሞተችው። ስለዚህ ነፋስ የማያስገባ ግድግዳና አራስ የምትሞቀው እሳት ከሞጣ መገኘት ነበረበት፤ ያውም በአንድ አስተማሪ አቅም።

መጀመሪያ ያረፍነው አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ነው። ሴትዮዋ ከጠጪዎቹ መቀመጫ ጀርባ ጆንያ ሰፍታ በመጋረጃ የከለለችው ቦታ አላት፤ መንገደኛ ታሳድርበታለች። አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደህና ሴት ነበረች። ሆዴን ከላይ እስከ ታች አይታ፣

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለእርጉዝ ያከራያል ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅ። ይብላኝልሽ አንቺ ሸዌ!» አለችኝ።

ሸዋ እንዳልሆንኩ ብነግራት ምን ይጠቅማል? ከዓባይ ማዶ የመጣ ሁሉ ለእነሱ ሸዋ ነው።

ቤት ፍለጋ ወጣን። ሁለት ላጤ አስተማሪዎች ሰፊ ቤት ነበራቸው፤ ባለትዳር ሲመጣባቸው እንግዳ ማምጣት የሚከለከሉ መስሏቸው ፊታቸው ጠቆረ። አንዲት ባልቴት ቆጣቸውን ሊሰጡን ፈቀዱና መሰላሉን አይተው፣ እኔን አይተው፣ መሰላሉን ደግመው አይተው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። አንድ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነጋዴ የጠራው ኪራይ የባሌን ደመወዝ ጠቅልሎ የሚበላ ነበር።

አንድ ቀን ባሌ ብቻውን ወጥቶ ፊቱ እያበራ ተመለሰ።

«አገኘሁ! የቄስ ቤት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር። ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ ተለስኗል፤ ኪራዩ እንደ ነፃ ነው። ቅዳሴው ከአልጋሽ ላይ ይሰማሻል» አለኝ።

«ሆዴን ነገርካቸው?»

«ሆድ እንዴት ይነገራል!»

እውነቱን ነው፤ እኛ ዘንድ እርግዝና እያደር ይታያል እንጂ አይወራም፤ ዓይን ያገኘዋል። ደግሞም እሱም እኔም ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ መውለድን የመሰለ በረከት ያለ አይመስለንም ነበር። ማርያምን ጎረቤት ማድረግ ነው ብለን ደስ አለን። አልጋችንን አሸክመን ሄድን።

የቄሱ ሚስት በር ላይ ተቀበሉን። ክፍሏ እውነትም ደህና ነበረች። ቄሱና ሚስታቸው ከሚኖሩበት የምትለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ጣራው አንድ፣ በሩም አንድ። ሴትዮዋ ጋቢዬን ከትከሻዬ ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘርግተው ሆዴን ሲያዩ እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«ማርያም ትቅረብሽ ልጄ። መቼ ነው ቀንሽ?»

«ኅዳር ነው እሜቴ።»

«እናትሽስ?»

«የለችም።»

ፊታቸው ተሰበረ። ገብተው ባላቸውን ጠሩ። ቄሱ ቀጭን፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሽማግሌ ነበሩ። ቁጣ የሚባል አልነበራቸውም። ቢኖራቸው ይሻለኝ ነበር።

«ልጆቼ፣ እኔ ቀዳሽ ነኝ» አሉ። «አራስ ካለችበት ቤት ያደረ ቄስ ቤተ መቅደስ አይገባም። ወንድ ብትወልጂ አርባ ቀን፣ ሴት ብትወልጂ ሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ነው። ጣራው አንድ ነው። እኔስ የት እሄዳለሁ? ቅዳሴውስ?»

ባሌ አንገቱን ደፋ። ይህን የማያውቅ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አራስ ቤት ቄስ እንደማይገባ አሩሲም ሕግ ነው። ግን በረከቱን ብቻ አስበን ሕጉን ረሳነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንጠጋ ከአራስ ቤት መራቃችን መሆኑ ለሁለታችንም አልታየንም። ሴትዮዋ ቂጣና በሶ... ምን የማልሰጥሽ አለ በሚል ዓይነት ያገኙትን ሁሉ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ቤት ግን አልነበረም። አልጋችንን አሸክመን ወደ ጠላ ቤቱ ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ከመስጊዱ ወዲያ የምትኖር አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ወሬያችንን ሰምታ፣ ጓዳዬ ባዶ ነው፣ እስክትጠነክሪ ኑሪበት ብላ ላከችብኝ። ባሌ እምቢ አለ።

«ከእስላም ቤት የተወለደ ልጅ ክርስትና ላስነሣ ብል ማን ቄስ ይመጣልኛል?» አለ።

«ከጠላ ቤት የተወለደስ?» አልኩት።

ተናድጄ ነበር፤ ግን እኔም ፈርቼ ነበር። የሰው አገር ሰውን ያስፈራል፤ ትንሽ ካጠፋሁ ሁሉም ፊቱን ያዞርብኛል ያሰኛል። ክርክሩን ተውኩት።

ኅዳር ላይ ከጆንያው መጋረጃ ጀርባ ወለድኩ። ሴት ልጅ። ጠላ ሻጯ አዋለደችኝ፣ ገንፎም አገነፋችልኝ። ጠጪዎቹ ከመጋረጃው ወዲያ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያሉ ጮኹ፤ ለልጄ ጤና ብለውም ጠጡ። ያን ዕለት ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም።

ግን የኅዳር ብርድ አለ። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር በሩ ይከፈታል፣ መጋረጃው ይነሣል፣ ነፋሱ ቀጥታ እኛ ላይ ይመጣል። ሴትዮዋን በርሽን ዝጊ አልላት ነገር፤ እንጀራዋ ነው። ልጄን ከጡቴ ሥር ከትቼ በጀርባዬ ነፋሱን እከልላለሁ። ወር ሳይሞላት ማሳል ጀመረች። የክሊኒኩ ድሬሰር መጥቶ ደረቷን አዳመጠና፣

«ይቺ ልጅ ከዚህ ቤት መውጣት አለባት» አለ።

«ወዴት?» አልኩት።

በሁለተኛው ቀን ጡት መያዝ አቃታት። ለሞት የሚያሰጋ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስም ይጠመቃል፤ ያን ጊዜ ቄስም አራስ ቤት ይገባል፤ ባሌ ወደ ቄሱ ሮጠ። ማን ቄስ ይመጣልኛል ያለው ሰው፣ ቄሱ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ከፊቱ ቀድመው እየሮጡ ሲመጡ አየ። መጋረጃውን ገልጠው ሲገቡ ልጄ ክንዴ ላይ ነበረች፤ ግን አልቃለች። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ እንደ ሴት ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ክፉ ሰው ቢሆኑ እረግማቸው ነበር። አልሆን አሉኝ።

ያልተጠመቀ ልጅ ፍትሐት የለውም፤ ከቅጥሩ ውጭ ነው የሚቀበረው። ባሌና ሁለት ጠጪዎች ወስደው ቀበሯት። እኔ አራስ ስለሆንኩ አልሄድኩም። የት ጋ እንደሆነም ለብዙ ጊዜ አልጠየቅሁም፤ ጡቴ ግን አልሰማም ነበርና ወተቱ ቀሚሴን እያራሰው ከረመ።

ልጄ ብትሞትም የእኔ ሰማንያ ቀን አልቀረም። በሞላ ማግሥት የቄሱ ሚስት መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ፣ እጄን ያዙኝ፣ እግዜር ይተካልሽ አሉኝ። ከዚያ፣

«ልጄ፣ ክፍሏ እኮ እንዳለች ናት» አሉ። «ስንት ሰው ጠየቀን፤ አባ ግን፣ ለእነዚያ ልጆች ትቆይላቸው ብለው ለማንም አልሰጧትም። አሁን እንግዲህ... አሁን መግባት ትችላላችሁ።»

በደግነት ነው ያሉት። እኔ ግን ያን ሁሉ የብርድ ጊዜ ክፍሏ ባዶዋን እንደነበረች ነው የሰማሁት። በሯ ተዘግቶ፣ እኛን ስትጠብቅ።

«እግዜር ይስጥልኝ እሜቴ» አልኳቸው።

በማግሥቱ አልጋችንን አሸክመን ገባን። ሌላ የት እንገባለን?