ከአባቴ ፊት ፊት

ደሴ ሄጄ በጤና ረዳትነት እንድሠለጥን የተመረጥኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ጊዜው የደርግ ነበርና ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። ወረቀቱን የሚሰጠው ቆቦ ያለው ጽሕፈት ቤት ደግሞ ላላገባች ልጅ አባቷ ቀርቦ ካልፈረመ አልሰጥም አለ። ይህን የነገረኝ ጸሐፊ የተቀመጠው ስለ ሴቶች እኩልነት በቀይ ቀለም ከተጻፈበት ጨርቅ ሥር ነው። ጨርቁን አየሁ፣ ሰውዬውን አየሁ። እሱ ቀና እንኳ ሳይል «አባትሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ።

ምዝገባው ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል። ሮቢት አጠገብ ወዳለው ቤታችን እየበረርኩ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት።

«ብቻሽን?» አለ።

«ብቻዬን ነዋ።»

«አይሆንም።»

ከዚያ ወዲያ የፈራው ነገር ብዛቱ! ሽፍታውን ፈራ፣ ወታደሩን ፈራ፣ የአውቶቡሱን ረዳት ሳይቀር ፈራ። ደሴ ያለችው የገዛ እህቱ ቤት እንደማርፍ ስነግረው «እሷስ ቤት መኖሯን በምን አውቃለሁ?» አለ። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» እያለ ይተርትብኝም ጀመር። እኔ አይጧ ሆኜ አረፍኩት።

ከሌላ አባት ብሰማው እችለው ነበር። ያንገበገበኝ ከእሱ መስማቴ ነው።

አሥር ዓመቴ ላይ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ሲጠልፍ ከአንድ ገበሬ ጋር ተጣልቶ ሰውዬውን ገደለው። ገድሎም ወደ አፋር ወርዶ ጠፋ። ገዳዩ ስላልተገኘ ሽማግሌ ቢቀመጥም እርቁ አልያዝ አለ፤ ደሙ አባቴ ላይ ቀረ። የሟች ወንድሞች ማሳ ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ማሽላው ከፍ ሲል ጠመንጃ የያዘ ሰው ቢቆምበት አይታይም። በእኛ አገር ግን ሴት በደም አትፈለግም። ከሴት ልጁ ጋር በሚሄድ ሰው ላይ መተኮስም ነውር ነው፤ ያደረገው ሰው ከወገኑ መሃል አይቀመጥም።

ስለዚህ አባቴ ወደ ቆቦ ሲሄድ እኔን ያስቀድማል። እናቴ እግሯን ታማሚ ናት። ታናሽ ወንድሜ ወንድ ስለሆነ እሱም ራሱ ይፈለጋል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከትምህርት እየቀረሁ፣ አንዳንዴም ትኩሳት ይዞኝ፣ ያን ማሽላ ከአባቴ ፊት ፊት እየሄድኩ አልፌዋለሁ። ቅጠሉ በተንኮሻኮሸ ቁጥር የጠመንጃ አፈሙዝ እፈልግ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ፈራሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ታዲያ ያኔ ይህ ሁሉ ለሴት ልጅ መፍራት የት ነበር?

በአምስተኛው ቀን እናቴ ባለችበት ፈነዳሁ።

«አባ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ደመኛ ፊት ሲያስቀድሙኝ መንገድ አያስፈራም ነበር! አሁን አውቶቡስ ላይ ልቀመጥ ስል ነው የሚያስፈራው? ወላሂ አንቱ የሚፈሩት ለእኔ አይደለም!»

የመጨረሻውን የተናገርኩት ለማቁሰል እንጂ አውቄው አልነበረም። አባቴ ግን ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ናት ቀስ ብላ «ንገራት እንጂ» ያለችው።

«ምኑን ልንገራት? ካወቀችው!» አለ መሬት መሬቱን እያየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሷ ከሄደች ማን ያሻግረኛል?» አለ።

ንዴቴ የሚበርድ መስሎኝ ነበር፤ ባሰበት። ሽፍታው፣ ወታደሩ፣ ረዳቱ፣ ሁሉም ውሸት! አምስት ቀን ሙሉ የራሱን ፍርሃት በእኔ ስም ሲፈራ ከርሟል። እርግጥ ገና ከመጀመሪያው እውነቱን ቢነግረኝ ኖሮ አልቅሼ እቀርለት ነበር። ይህንንም ያወቀ ይመስለኛል። ያኔ ግን አልታየኝም።

በማግስቱ ጠዋት ዱላውን አንስቶ «ልፈርምልሽ ነው» አለ። እንደ ልማዴ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ከፊቱ ልወጣ ስል እጁን በሩ ላይ ዘረጋ።

«አንቺ ቆዪ።»

«ማሽላው እኮ ሰው ይውጣል፣ አባ!»

«ካንቺ ወዲያ ብቻዬን አይደል የምመላለሰው? ልልመደው» አለና «ቢስሚላህ» ብሎ ወጣ።

ስምንት ዓመት በግድ ሲያስቀድመኝ ኖሮ፣ በገዛ ፈቃዴ ልሂድ ስል ቆዪ ይለኛል! እየተቆጣሁ ደጅ ቆሜ ዋልኩ። እናቴ ዱዓዋን አላቋረጠችም። ከዙህር ሶላት በኋላ ብዙ ቆይቶ መጣ፤ አውራ ጣቱ በቀለም ጠቁሯል፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ወረቀቱን ሰጠኝና ውሃ ጠየቀ።

ከሁለት ቀን በኋላ እሱ ሻንጣዬን ይዞ፣ እኔ ከፊቱ ሆኜ ቆቦ ሄድን። አውቶቡሱ በሮቢት የሚያልፍ ቢሆንም ጢም ብሎ ስለነበር ረዳቱ አባቴን እስከዚያ አልጭንም አለ። አባቴ በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘና «ብቻሽን ነሽ፣ ተጠንቀቂ፤ አላህ ይጠብቅሽ» አለኝ።

«አንቱም ብቻዎን ነዎት» አልኩት።

የሟች ወንድሞች ማሳ ጋ ስንደርስ አንገቴን አውጥቼ ማሽላው ውስጥ ሰው ፈለግኩ። ማንም አልታየኝም፤ ቢኖርም አይታይም። አባቴ ገና ከኋላ በእግሩ እየመጣ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የሄድኩበትን የሩቅ መንገድ፣ ደሴ እስክገባ ድረስ ለእሱ ስፈራ ጨረስኩት። በዚህም በጣም ተናደድኩበት።