በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?

የመጠይቄ የመጀመሪያው ጥያቄ «በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?» የሚል ነበር። አማካሪዬ ሌሎቹን ጥያቄዎች በቀይ እስክሪብቶ ሲጨፈጭፋቸው ይህን ብቻ ሳይነካ አለፈው። «ከቀላል ጥያቄ መጀመርሽ ጥሩ ነው፤ ሰውን ያዝናናል» አለኝ። ሰውን የሚያዝናና ጥያቄ! እስከ ዛሬ ሳስበው እበሳጫለሁ፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ። እሱ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። እኔ ግን ጊንጪ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። በዚያ ዓመት በር እያንኳኳ የቤተሰብ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚመስል ማወቅ ነበረብኝ።

አምቦ የሶሲዮሎጂና ሶሻል አንትሮፖሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አባቴ እህል ነጋዴ ነው። ምን እንደምማር ለደንበኞቹ ማስረዳት ሲያቅተው «ሰው ታጠናለች» ብሎ ይገላገላቸው ነበር። ለእኔ ደግሞ፣ «ሰው ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት ምን ያደርጋል? አንድ የገበያ ቀን እኔ ጋ ብትውዪ ይበቃሽ ነበር» ይለኛል። እስቃለሁ፤ ግን ይቆጠቁጠኝ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ የገዛ ሰፈሬን የመረጥኩት እሱን ለማሳመንም ጭምር ይመስለኛል። ስለ መረዳዳት ነው የጻፍኩት፤ ስለ እድሩ፣ ስለ ደቦው፣ ሰው ሲታመም ማን ማንን እንደሚያስታምም።

ጊዜው መጥፎ ነበር። የአዲስ አበባው መንገድ አንድ ቀን በድንጋይ ይዘጋል፣ ሌላ ቀን ይከፈታል። ወጣቶች ከየቤታቸው እየተወሰዱ ነበር። ሰው ሰላምታውን እንኳ አሳጥሮት ነበር፤ ድሮ «አካም? ነጋ?» ብሎ ከልጅ እስከ ከብት የሚጠያየቀው ጎረቤት አሁን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ። እኔን የሚመለከተኝ ግን አልመሰለኝም፤ እኔ አጥኚ ነበርኩና።

የአማካሪዬ ትእዛዝ ከወፍጮ ቤቱ ጀምሬ በየሰባተኛው ቤት እንድገባና በምንም ምክንያት ቤት እንዳልቀይር ነበር። «ናሙና ላይ ማጭበርበር የለም» ብሎኛል። የሰፈራችን ቤት ደግሞ ግማሹ ቁጥር የለውም፤ የቆርቆሮ በሩም ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። እንዳይምታታብኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ይዤ ወጣሁ። በየሰባተኛው በር ላይ ትንሽ ክብ እየሠራሁ ውስጧ ቁጥር ጻፍኩባት፤ ከአንድ እስከ ሠላሳ። ዝናብ አንዣቦ ስለነበር ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል፤ ማንም አላየኝም። ሠላሳኛው በር ላይ ስደርስ እንደ ትልቅ ተመራማሪ እጄን አራግፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ አባቴ ሱቁን ሳይከፍት ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«በር ላይ ምልክት ተደርጓል» አለ። «አንዳንዱ ልጆቻቸው የሚወሰዱባቸው ቤቶች ናቸው ይላል፤ አንዳንዱ የሚፈርሱ ናቸው ይላል። ቀበሌ ተጠይቆ እኛ አናውቅም አሉ። የእኛ በር ላይ የለም፤ ተመስገን።»

ጠመኔው የሹራቤ ኪስ ውስጥ ነበር። እጄን ከኪሴ ማውጣት ፈራሁ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አባቴ ፊቴ ቆሟል፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን «እኔ ነኝ» ብል ማን ላከሽ ይሉኛል። ለምን ትጽፊያለሽ፣ ለማን ታሳያለሽ ይሉኛል። እየዞረ የሚጠይቅና የሚጽፍ ሰው በዚያ ሰሞን ስሙ አንድ ነበር፤ ጆሮ ጠቢ። አባቴን በገበያው መሐል የጆሮ ጠቢ አባት ሲሉት ታየኝና ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ዝም ብዬ ቤት ብቀርም ያስጠረጥረኛል ብዬ መጠይቄን ታቅፌ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት በሮች አልተከፈቱልኝም። በቆርቆሮው ቀዳዳ ዓይን አያለሁ፣ ዓይኑም ያየኛል፤ በሩ ግን አይከፈትም። ዘጠነኛው የልብስ ሰፊው ቤት ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ዩኒፎርሜን የሰፋልኝ እሱ ነው፤ ቀሚሴን ሁልጊዜ አንድ ጣት ያስረዝመውና «ገና ታድጊያለሽ» ይለኝ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ታስሮ ተፈትቶ ነበር። የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው።

እማማ በሩን ገርበብ አደረጉልኝ። ከኋላቸው የስፌት መኪናው ይታያል፤ እግሩ እስከ ግማሽ የተሰፋ ሱሪ መርፌው ሥር እንደተያዘ ቀርቷል።

«ልጅዎ የለም እማማ?»

«ኢንጂሩ። የለም» አሉ።

የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ መጠይቄን ገለጥኩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩላቸው። በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?

«አንድ» አሉ። «እኔ ብቻ ነኝ።»

ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም። እኔም «1» ብዬ ጻፍኩ።

ያን ቀንና የሚቀጥለውን ቀን እህል አልዋጥልኝ አለ። ልብስ ሰፊው ምልክቱን እንዳየ ሱሪውን ከመኪናው ላይ ሳያወርድ ጭልሞ ጫካ እንደገባ ሰማሁ። አጎቱ እዚያ የደን ሠራተኛ ነው። ብርዱ፣ ጅቡ፣ መንገድ ላይ የሚይዘው ፍተሻ ሁሉ በየተራ ይታየኝ ጀመር። አንድ ነገር ቢሆን የገደለው የእኔ ጠመኔ ነው። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩምና እማማ ጋ ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ናሙናውን፣ ሰባተኛውን ቤት፣ ክቡን። ጠመኔውንም አውጥቼ አሳየኋቸው።

ጠመኔውን ተቀብለው አገላበጡት።

«የትምህርት ቤት ጠመኔ?»

«አዎ እማማ። የእኔ ነው። ሌላ ምንም የለም።»

«ማሎ ልጄ፣ ኢንተላኮ፣ እባክሽ ልቤን አታድክሚው። በማርያም ማይልኝ።»

በእመቤቴ ማርያም ማልኩላቸው። የማልኩት ስለ ጠመኔው ነበር። እሳቸው የሰሙት ግን ልጅዎ ምንም አይሆንም የሚለውን ነው። እንደዚያ እንደሰሙት ፊታቸው ላይ አይቻለሁ፤ አላረምኳቸውም። እንዲያውም ደገምኩላቸው። «ምንም የለም እማማ፤ ይምጣ» አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። ሸክሙ ከላዬ እንዲወርድልኝ ነበር የቸኮልኩት። እማማ ከት ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሉ፣ በራሳቸው እየቀለዱ።

በማግስቱ ገና ሳይመሽ ልብስ ሰፊው እማማ ልከውበት መጣ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ጢሙ አድጓል። እኔን ሲያይ፣ «ቤቴ ላይ ፈርመሽ ሄድሽ አሉ» ብሎ ቀለደብኝ። ለሰፈሩም እማማ አስረዱልኝ፤ አባቴም ሰምቶ አንድ ቀን ሙሉ አላናገረኝም፤ ከዚያ «ሰው ታጠናለች ስል እንዲህ ማለቴ አልነበረም» አለና ተወኝ። በሮቹ ተከፈቱልኝ። የልብስ ሰፊው ቤት ቅጽ ላይ «1» የሚለውን ሰርዤ «2» ጻፍኩ። ልብስ ሰፊው ሱሪውን እየጨረሰ ጥያቄዎቼን ሁሉ መለሰልኝ። ስትቸገር መጀመሪያ የምትሄደው ማን ጋ ነው ስለው፣ «እናቴ ጋ፤ ከዚያ ጭልሞ» ብሎ አሳቀኝ።

ሦስት ቀን ቤቱ ሰነበተ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ የታጠቁ ሰዎች የጫኑ ፒክአፕ መኪኖች ሰፈር ገቡ። የእኔን ክብ ያየ ማንም አልነበረም፤ ክቦቹን ዝናቡ አጥቧቸዋል። ወጣት ያለበት ቤት ሁሉ ገቡ፤ ከመንገድም ከቤትም ወሰዱ። እኔ ከበራችን ኋላ መሸጎሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ልብስ ሰፊውንም ወስደውት ይሆናል ብዬ እያሰብኩ፣ እሱ እንዳይሆን እለምን ነበር። ከዚያ የእማማን ጩኸት ሰማሁ። ድምፃቸውን ከሰፈሩ ሴት ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። መሸጎሪያውን አልለቀቅኩም። መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም።

አምቦ ስመለስ አማካሪዬ ቅጾቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ዘጠነኛው ላይ ቆመና፣ «እዚህ አንድ ተሰርዞ ሁለት ተጽፏል። የትኛው ነው ትክክሉ?» አለኝ። መጀመሪያ አንድ ስጽፍ ውሸት ነበር፤ አሁን ግን እውነት ሆኗል። አለቀስኩ። እሱም የመመረቂያ ጽሑፉ ያስጨነቀኝ መስሎት ውሃ አስመጣልኝ። ጽሑፉ ጥሩ ውጤት አገኘ።

ልብስ ሰፊው ከወራት በኋላ ተፈታ። እማማን ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት ያኔ ነው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የፈሩት ይደርሳል ይባላልና። አልረገሙኝም። ከአጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ያዙኝ።

«አንቺ አልዋሸሽም፣ ኢንተላኮ» አሉኝ። «ውሸቴን፣ አንድ ያልኩትን፣ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ልይዘው ይገባኝ ነበር።»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ነኝ። ከየቀበሌው የሚሰበሰበው ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚመጣው፤ የቤተሰብ ቁጥር ያልተስተካከለበትን እየመለስኩ ሠራተኞቹን አስመርራለሁ። ለማንም ግን «ምንም የለም» አልልም። እህቴ ልጇን ትምህርት ቤት ስትልክ «ሰላም ነው አይደል መንገዱ?» ብላ ስትደውልልኝ እንኳ፣ አላውቅም ነው የምላት። ትቆጣኛለች።

ባለፈው ክረምት ቀሚስ ላሰፋ እማማ ቤት ሄድኩ። የስፌት መኪናው ከመንገድ ዳር ክፍሉ ወጥቶ ጓዳ ገብቷል፤ ልብስ ሰፊው እዚያ ሆኖ ነው የሚሰፋው። ከእማማ ጋር ደጅ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ወጣት ታብሌት ይዛ መጣች። ፊቷ ቅን ነው፤ ደረቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላለች። ለጤና መድን ምዝገባ ነው አለች፤ ለእማማ ይጠቅማቸው እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል እናቴ?»

ጓዳ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«አንድ» አሉ እማማ። «እኔ ብቻ ነኝ።»

ልጅቷ ወደ ጓዳው አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ከቢሮ ታውቀኛለች፤ ስንቱን ቅጽ መልሼባታለሁ።

«እውነት ነው እትዬ?» አለችኝ።

እማማ አላዩኝም። መሬት መሬት ነበር የሚያዩት።

«አዎ» አልኩ። «ብቻቸውን ናቸው።»