የመምህር ይልማ ደብዳቤ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ሦስት ጊዜ ልናዘዝ ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጾም መሻሬንና ሰው ማማቴን ብቻ ተናግሬ ተመልሻለሁ። እናንተ የምታነቡት ግን አታውቁኝም፤ ስለዚህ ስሙኝ።

በደርግ ዘመን ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ለመሄድ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበር፤ አንዱ ከመምህር፣ አንዱ ከቀበሌ። የመምህሩን ማን ይጻፍልኝ ብዬ አልተጨነቅኩም። መምህር ይልማ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉርድ ሾላ ያለው ቤታቸው ሒሳብ ያስጠኑን ነበር፤ ባለቤታቸውም ምሳ ሳንበላ አይለቁንም። ጓደኞቼን ሰብስቤ የምወስደው እኔ ነበርኩ። ደብዳቤውን ጽፈው፣ አሽገው ሰጡኝ።

ቦሌ ያለው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ግን ዝም ብሎ አልጻፈልኝም። «ጓዲት፣ የእኛን ደብዳቤ የሚያገኝ ሂስ የሚያውቅ ሰው ነው» አለኝ። «እዚያ መምህር ቤት የምትሰበሰቡት ለምንድነው? እሁድ ውይይት ላይ ተነስተሽ ንገሪን።»

ለሒሳብ ነው ማለት አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። እሁድ ተነሳሁ። «ተማሪ እየሰበሰቡ አብዮቱን ያማሉ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አልገረፈኝም፣ ማንም አልነካኝም። ተጨበጨበልኝ። ማክሰኞ የቀበሌው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሐሙስ መምህር ይልማ ተወሰዱ። የእስረኛ ፊርማ ይጎዳኛል ብዬ የእሳቸውን ደብዳቤ ሻንጣ ሥር ደበቅኩና ሌላ መምህር አስጻፍኩ። ያጎረሰኝን እጅ ነክሼ፣ እጁ የጻፈልኝንም ቀበርኩ።

ተምሬ ስመለስ ከእስር ወጥተው፣ ከማስተማር ታግደው፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። እንደምንም ተነስተው ሳሙኝ።

«ልጄ፣ ያ ደብዳቤዬ ጠቀመሽ ወይ?»

«በጣም፣ ጋሼ።»

«እሰይ! እዚያ ውስጥ ሆኜ፣ የእኔ ስም ያለበት ወረቀት ልጅቷን እንዳያስቀርብኝ እያልኩ ስንት ቀን ተጨነቅኩ።»

በዓመቱ ሞቱ። ለቅሶው ላይ ከሰው ሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤታቸው የራሳቸውን ኀዘን ትተው እኔን ያጽናኑኝ ነበር።

ደብዳቤው እስከ ዛሬ እንደታሸገ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ስለ እኔ የጻፉትን ደግ ነገር በምን ዓይኔ አነበዋለሁ? ልጅ ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ክፉ ነበር ብዬም አላመካኝም። በዚያው ዘመን እሳቸው እስር ቤት ቁጭ ብለው ለእኔ ይጨነቁ ነበር።