የኑርዬ ጉድጓድ

ዑምኩልሱም የውሃ ጉድጓድ ጠባቂ ናት። ደሞዝ የላትም፤ ቀጣሪዋም ሟች ባሏ ነው። ኑርዬ ሲሞት ጥማድ በሬውን ሸጣ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለው መንደራቸው ጉድጓድ አስቆፈረችለት። ሰደቃው ነው፤ ሰው እስከጠጣ ድረስ ምንዳው ለሟች አይቋረጥም። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባልዲውን ስታጥብ፣ ክዳኑን ስትወለውል ኖረች። መንደርተኛውም በረካ አለው ብሎ ለታመመ ሰው ከዚያ ይቀዳል። ጤነኛው ታች ካለው ቦኖ ቢጠጣ ምን ይሆናል!

ዘንድሮ ክረምት ተቅማጥ ሕፃናቱን ሲያዳክም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሙሉአለም ለሙከራ የተላከ ነገር ይዛ መጣች። ፖሊመር ከሚሉት የተሠራ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ ነው። ጎጂ ባክቴሪያ ካገኘ፣ ሰማያዊ መብራት ሲበራበት አረንጓዴ ይፈካል። ፍካቱ የሚታየው በጨለማ ነውና፣ በጠራራ ፀሐይ ሁለቱ ሴቶች የዑምኩልሱምን ጋቢ አብረው ተከናነቡ።

በጉድጓዱ ውሃ የተነከረው ቁራጭ እንደ ድመት ዓይን አበራ።

«አንቺ ልጅ፣ ጋቢው ብርሃን አስገብቶ ይሆን?» አለች ዑምኩልሱም።

ሙሉአለም ሌላ ቁራጭ ነከረች። እሱም ፈካ። ከቤቷ አፍልታ ባመጣችው ውሃ የነከረችው ግን ጨለማ እንደሆነ ቀረ።

«ከላይ ካለው በረት ዝናቡ ቆሻሻውን ወደ ጉድጓዱ እያሰረገው ነው፣ እትዬ። እስኪታከም መዘጋት አለበት። ሰው ደግሞ የሚሰማው አንቱን ነው።»

ዑምኩልሱም ከጋቢው አልወጣችም። እዚያው አለቀሰች። «ኑርዬን ዛሬ ደግሜ ልቅበረው ነው?» አለች። ሙሉአለም «አብሽሩ» አለቻት።

ጋቢው ሲገለጥ ሀያ የምትባለው የዑምኩልሱም ጎረቤት ባዶ ጀሪካን ይዛ ቆማለች። «ልጄን ዛሬም ሲያስቀምጠው አደረ። በረካው ይድረስለት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ዑምኩልሱም ሄዳ ክዳኑ ላይ ተቀመጠች።

«ስሚኝ ሀያ። በሽታው ያለው እዚሁ ነው። ትናንት በገዛ እጄ የቀዳሁልሽ ውሃ ውስጥ ነው።»

«ወላሂ በሉኝ!»

«ወላሂ። ለሟች ምንዳ ስል በልጅሽ አልጨክንም። አሁኑኑ ጤና ኬላ ውሰጂው፤ ሙሉአለም አብራሽ ትሂድ።»

ሀያ ባዶ ጀሪካኗን አንስታ ከሙሉአለም ጋር ወረደች፤ ወደ ዑምኩልሱም ዞራም አላየች። ዑምኩልሱም እስከ መግሪብ ክዳኑ ላይ ተቀምጣ፣ የባሏን ጉድጓድ በገዛ አፏ እያማች፣ የመጣውን ሁሉ መለሰች።